የፌኔት አያት ስም

«መታወቂያህን ተወው ኦቦ በላይ፤ አፍህን ብቻ ይዘህ ና» አለችኝ መታሰቢያ ሱቄ በር ላይ ቆማ። እኔ ግን ኮቴን ለብሼ፣ መታወቂያዬን፣ የንግድ ፈቃዴንና የቤቱን ካርታ ኮፒ በፌስታል ጠቅልዬ ነበር የወጣሁት። ቅዳሜ በጠዋት ጎረቤት መጥቶ «አንተ ላቦራቶሪ ድረስ ካልሄድክልኝ ጉዞዬ ቀረ» ካለ፣ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ዋስ ሁነኝ ልትለኝ ነው ብዬ ነዋ። ባለቤቴ ሕብረትም ያው ስለመሰላት ካርታውን ከሣጥን ስታወጣ ፊቷ አላማረኝም፤ «ጀርመን ሄዳ ብትቀር ቤታችንን ማን ሊወስደው ነው?» ብላኝ ነበር በሹክሹክታ። እንግዲህ ፌስታሉን መለስኩላት። እሷም ሐሳቤን እንዳልቀይር ፈርታ ነው መሰል ወዲያው ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት። እኔ አፌን ይዤ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ።

መታሰቢያ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፤ እዚሁ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር። ሰፈሩ «ሃዳ ፌኔት» ይላታል፣ የፌኔት እናት ማለት ነው። ፌኔት ጀርመን አገር ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ የደም ግፊቷ አልወርድ ስላለ ሐኪሞቹ ከቀኑ በፊት በኦፕራሲዮን ሊያወልዷት ለረቡዕ ቀጥረዋታል። ባሏ ገመቺስ ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው፤ በዚህ በኮሮና ጊዜ ደግሞ እዚያ አገር ጎረቤት የጎረቤትን በር አያንኳኳም አሉ። ስለዚህ እናት መድረስ አለባት። ክትባቷን ተከትባለች፣ ቪዛው መጥቷል፣ ቲኬቱ ለእሑድ ሌሊት ተቆርጧል፣ አውቶቡሱ እሑድ ንጋት ከመናኸሪያ ይነሣል። የቀረው የምርመራው ወረቀት ነው። እሱ ደግሞ ከሦስት ቀን በላይ ካደረ ዋጋ የለውም፤ አስቀድሞ አይወሰድም፣ ዘግይቶም አይሆንም። ናሙናውን ዓርብ ሰጥታለች፣ ውጤቱ ዛሬ ነው፣ ላቦራቶሪው ቅዳሜ የሚሠራው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ ፌኔት ረቡዕ ስትነቃ አጠገቧ የምታየው ግድግዳ ነው።

የአፌ ነገር የተገለጠልኝ ባጃጁ አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። ዓርብ ናሙና ልትሰጥ ስትሰለፍ ከፊቷ የነበሩትን ሰዎች በመስኮቱ በኩል ሲጠይቋቸው ሰምታለች። የሐሰት ወረቀት የሚሸጡ ደላሎች ስለበዙ፣ ውጤት የሚቀበል ሰው ሁሉ ሰነዱን አስቀምጦ በቃሉ እንዲመልስ ተደርጓል፦ ስምህ እስከ አያት፣ የምትሄድበት አገር፣ እዚያ የሚቀበልህ ሰው ስም እስከ አያት። በኢንተርኔት ከተሞላው ቅጽ ጋር ከገጠመ ይሰጥሃል፤ ካልገጠመ አይሰጥህም።

«ታዲያ ይሄ ምን ያስቸግራል?» አልኳት።

መንገድ መንገዱን እያየች «የፌኔት አያት ስም አለበታ» አለች።

እኔ ስስቅ ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ አየኝ። ለማያውቅ ሰው ልንገር። እኛ አገር፣ ማለቴ አባቴ ከጎጃም ቢመጣም እኔ ነቀምቴ ነው የተወለድኩት፣ እንግዲህ እኛ አገር ልበል፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ለጉ ይሉታል። የዛሬ ልጆች እየተዉት ነው፤ መታሰቢያ ግን የወሰደችውን የምትተው ሴት አይደለችም። ስሙን ብቻም አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ፊደል የሚጀምር ነገር ሁሉ ከአፏ አይወጣም። አማቷ ኦቦ ጨመዳ ናቸው። ስለዚህ ከእኔ ሱቅ ጨው ስትገዛ «ያን ነጩን» ነው የምትለው። አንድ ቀን እኔ በሌለሁበት ሕብረት ስኳር መዝናላት፣ ያን ዕለት ማታ ከእነሱ ቤት ምን ዓይነት ወጥ እንደተበላ ዛሬም ይወራል። ሽማግሌውን የምትጠራቸው እንደ መንደሩ ሁሉ በፈረስ ስማቸው ነው፤ አባ ዳማ። ዳማው ፈረስ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይጋለባል። ላቦራቶሪው ደግሞ ፈረስ አይመዘግብም። ፌኔት ከጀርመን ስትሞላ «ፌኔት ባይሳ ጨመዳ» ብላ ነው የሞላችው።

«አንተ ለጉ የለብህም» አለች መታሰቢያ። «እኔ እስከ አባቷ እሄዳለሁ፣ ከዚያ አንተ ትቀበለኛለህ።»

በሕይወቴ ለአንድ ቃል ተብሎ ባጃጅ ተከፍሎልኝ አያውቅም። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

ላቦራቶሪው ግቢ ውስጥ ሰልፉ ከግንቡ ጋር ተያይዞ ተጠማዝዟል። መሬቱ ላይ ሰው እንዲራራቅ በኖራ ክብ ክብ ተሠርቶ ነበር፤ አንዱ ክብ ላይ ሦስት ሰው ቆሞበታል፣ ቀጥሎ ያለው ባዶውን ነው። ከፊታችን ከኡኬ የመጡ ሁለት ሴት ልጆች አሉ፣ ዐረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ። አንዷ ዱረቲ ትባላለች፤ የአያቷን ስም ጭምር እንደ መዝሙር ስታጠና ነበር። ከኋላችን ካርቱም ዕቃ የሚያመላልስ የአርጆ ነጋዴ ቆሟል፣ ማስኩን አገጩ ላይ አድርጎ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። ፀሐዩ ግንቡን ማሞቅ ጀምሯል፤ የዱረቲ ጓደኛ ጃንጥላዋን ዘርግታ ለመታሰቢያም አጋራቻት። መስኮቱ ላይ ያለችው ዝማሬ የምትባል ልጅ ነች፣ ከአዲስ አበባ በቅርቡ ተመድባ የመጣች፤ ሁለት ማስክ ደራርባ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ዱረቲ የአያቷን ስም ስትረሳ «ቀስ በዪ፣ ተንፍሺ» ብላ ጠብቃታለች።

ተራችን ደረሰ። መታሰቢያ ነጠላዋን አስተካክላ ቀረበች።

«ሙሉ ስም ከነአያት?»

«መታሰቢያ ኢቢሳ ቀነአ።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ጀርመን።»

«ተቀባይዎ ማን ነው?»

«ልጄ ናት። ፌኔት ባይሳ...» አለችና ዝም። የባሏን ስም ራሱ ትንሽ ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ከሞተ ወዲህ ነው መጥራት የጀመረችው። ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ ላከች። እኔ ዝግጁ ነበርኩ።

«ጨመዳ!» አልኩ ከፍ አድርጌ። እንዲያውም በጣም ከፍ አድርጌ ነው መሰለኝ፣ ዘበኛው ከበሩ ብድግ አለ።

ዝማሬ አንገቷን አውጥታ አየችኝ። «ማን ነህ አንተ?»

«ጎረቤቷ ነኝ።»

«የምትጓዘው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ዝም በል። እናቴ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። የልጅዎ አያት ማን ይባላሉ?»

መታሰቢያ የመስኮቱን ደፍ ያዘች። የአርጆው ነጋዴ አልቻለም፤ «ጨመዳ ነው፣ ለጉ ሆኖባት ነው!» ብሎ ጮኸ። የኡኬዎቹ ልጆችም «ጨመዳ! ጨመዳ!» አሉ። ከኋላ ያለው ሰው ምን እንደተጠየቀ ሳይሰማ እሱም ጨመዳ አለ። ግቢው ሁሉ ሽማግሌውን እየጠራ፣ መታሰቢያ ብቻ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ነገሩን ያበላሸነው እኛው ነን። ለጉን የማታውቅ ልጅ ይህን ስታይ ምን ትበል? ዝማሬ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እናት የልጇን አያት ስም ሳታውቀው ሰልፈኛው በሙሉ ያውቀዋል? ይሄ እንግዲህ ምን ይባላል?»

«ልጻፈው፤ ወረቀት ስጪኝ ማሎ» አለች መታሰቢያ፣ በአፋን ኦሮሞ እየለመነቻት።

«ጽሑፍማ ደላላውም ጽፎ ይሰጣል። በቃል ነው የተባለው። ልጅዎ ለመሆኗ እኔ በምን ልመን?»

ይሄን ስትል የአርጆው ነጋዴ ማስኩን ወደ አፍንጫው መለሰ። ወልዳ ያሳደገች፣ በወር ደሞዟ እያስተማረች እዚያ ያደረሰች ሴት፣ «ልጅሽ ለመሆኗ በምን ልመን» ስትባል መሬት የምታይ መስሎኝ ነበር። መታሰቢያ ግን መሬት አላየችም። የዝማሬን ዓይን ዓይን እያየች «አምጥቼ አሳይሻለሁ» አለችና ከሰልፉ ወጣች።

ባጃጁ ውስጥ ልመክራት ሞከርኩ። አንድ ጊዜ ብትጠሪው ሰማይ አይወድቅም፣ የመካነ ኢየሱስ ዘማሪ ነሽ፣ ፓስተሩ ራሳቸው ለጉን ከኃጢአት አይቆጥሩትም፣ አባ ዳማም እዚህ የሉም አይሰሙም አልኳት። «አንተ አፍህ ሲፈለግ አልሠራም፤ አሁን ዝም ይበል» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አባ ፌኔት የሞተ ጊዜ፣ እያለቀስኩ ሳለ እንኳ ስሙን ከነአባቱ አልጠራሁም። ዛሬ ለመስኮት እጠራለሁ?» አለች።

አባ ዳማ ከምራታቸው ጋር በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ከአቮካዶው ዛፍ ሥር አግዳሚያቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሬዲዮናቸው ጭናቸው ላይ ነው፣ አልተከፈተም። ቪዛው ከመጣበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ይበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ ከዚያ ዝም። የኦፕራሲዮኑን ነገር የማያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም ተብሎ፣ «ፌኔትን ልታያት ነው» ብቻ ነው የተባሉት። እሳቸው ደግሞ ይህን የሰሙት፣ ምራታቸው እሳቸውን አርጆ ለምትኖረው ሴት ልጃቸው አስረክባ አውሮፓ ልትሽከረከር ነው ብለው ነው። አንድ ቤት ውስጥ አንዷ ሻንጣ ታሰናዳለች፣ አንዱ ሬዲዮ አይከፍትም። በሩ ክፍት ስለነበር ሻንጣውን አየሁት፤ አልጋው ላይ አፉን ከፍቶ፣ በጋቢ የተጠቀለለ የደረቀ አንጮቴ ዱቄት መሐሉ ላይ ተቀምጧል። ለአራስ አጥንት የሚጠግን ሥራሥር እንደ አንጮቴ የለም፤ ጀርመኖች ሻንጣ ሲፈትሹ ምን ይሉት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

መታሰቢያ ከአግዳሚው ራቅ ብላ፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ቆመች። «አባ ዳማን ንገራቸው» አለችኝ። «መስኮት ላይ ስማቸውን ተጠይቄያለሁ። እኔ አልጠራውም። እሳቸው መጥተው ራሳቸው ካልተናገሩልኝ ወረቀቱን አይሰጡኝም።»

እንግዲህ አፌ ሥራ አገኘ። ሽማግሌው ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ተጠግቼ፣ ከፍ አድርጌ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኦፕራሲዮኗን ብቻ ዘለልኩ። ሰሙ። አዩኝ። ከዚያ ሬዲዮውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አላጠፋም፤ በየደቂቃው ዋጋ ሲጨምር ይታወቀኛል። ከጎረቤት ግቢ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። መታሰቢያ በሩን አታንኳኳም፣ አትጠራም፤ በምን ስም ትጠራ? እጇን አጣምራ ቆማለች። እኔ «እንግዲህ እሳቸውም እምቢ አሉ፤ አዲስ አበባ ወርደሽ እዚያ...» ብዬ ስጀምር፣ አዲስ አበባ እሑድ ለእሷ የሚከፈት ላቦራቶሪ እንደሌለ ራሴም ስለማውቀው ተውኩት። ሽማግሌው ቢቆጡም ይቆጡ ብዬ በሩን ቀስ አድርጌ ልገፋው ስል ተከፈተ። አባ ዳማ ያን ለፍርድ ቤትና ለሠርግ ብቻ የሚለብሱትን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ለካ የዘገዩት ሊለብሱ ነው።

«ማስኩ የት አለ?» አሉኝ። የእኔን ሰጠኋቸው።

በመንገድ ላይ እኔ መሐላቸው ተቀምጬ ነበር። ላቦራቶሪው ስንደርስ ሰልፉ አልቋል፤ ዘበኛው አንዱን የበር ክፋይ ዘግቶ ሌላውን ይዟል። ዝማሬ ጓንቷን እያወለቀች ነበር። መታሰቢያ በቀጥታ መስኮቱ ጋ ሄደች።

«የልጄን አያት ስም ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «ይኸውልሽ፤ ቆመዋል።»

ዝማሬ ሽማግሌውን ከባርኔጣ እስከ ጫማ አየቻቸው። «እናቴ፣ ደንቡ እኮ ተጓዧ ራሷ ትናገር ነው የሚለው...»

«መጥራት አልችልም፤ ስለዚህ አመጣሁልሽ። ደላላ ወረቀት ይሸጣል ልጄ። አማት ይሸጣል?»

ዘበኛው ሳቀ። ዝማሬ ሳቋ መጣ አልመጣ በማስኩ ውስጥ አልታወቀም፤ ጓንቷን ግን መልሳ አደረገች። «እሺ አባባ፣ መታወቂያዎን ይስጡኝ፤ ሙሉ ስምዎንም ይንገሩኝ» አለች።

አባ ዳማ መታወቂያውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ያዙት፤ አልሰጧትም። ስማቸውንም አልተናገሩም። የግቢው ሰዓት ከእሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ይሄዳል። መታሰቢያ ከኋላቸው ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሽማግሌው ዝም ቢሉ ምራታቸው ቤቷ ትቀራለች፤ ማንም «ከለከሏት» አይላቸውም። ዝም ማለትን ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅበት የለም።

«ምን ያህል ነው የምትቆየው?» አሉ በመጨረሻ፣ ዝማሬን።

«እሱን እኔ አላውቅም አባባ። እኔ ውጤት ነው የምሰጠው።»

«ሦስት ወር» አለች መታሰቢያ ከኋላ፣ ለከዘራቸው እንደምትናገር ሁሉ ወደ ታች እያየች።

«ሰው ለማየት ሦስት ወር?»

እኔ አፌን ልከፍት ስል በክንዷ ገፋችኝ። «ለማየት አይደለም አባኮ» አለች። አባቴ ማለቷ ነው፤ እሱን እንኳ ስትላቸው ሰምቼ አላውቅም። «ፌኔት ታማለች። ረቡዕ ሆዷን ቀድደው ነው የሚያወልዷት። እንዳይደነግጡ ብለን ነው ያልነገርንዎት። ማንም የላትም።»

ሽማግሌው ዞረው አላዩዋትም። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ብብታቸው ሥር አደረጉት። ማስኩንም ሊያወልቁት ጎትተው ዘበኛው ስላፈጠጠባቸው ተዉት። ከዚያ መታወቂያውን በመስኮቱ አስገብተው፣ ጆሮው የከበደ ሰው እንደሚናገረው፣ ጠቅላላ ግቢው እንዲሰማ አድርገው «ጨመዳ ዋጋሪ!» አሉ። «የባይሳ አባት። የፌኔት አያት። ይቺ ምራቴ ናት፤ ልጇም ልጇ ናት። ሌላ የምትጠይቂው አለ?»

መታሰቢያ ስሙ ሲጠራ አንገቷን ደፍታ ነበር፤ እስኪያልፍ ድረስ አላቃናችውም። ዝማሬ መታወቂያውን ከስክሪኗ ጋር አስተያየች። ደንቡን ዳግመኛ አላነሣችውም። ማተሚያው እየተንቋቋ ወረቀቱን ተፋ፤ ማኅተም መታችበት፣ አንድ ጊዜ ፈዝዞ ስለወጣ ደግማ መታችበት። «ኔጌቲቭ ነዎት እናቴ። ቅድም ላልኩት አይቀየሙኝ» አለች። መታሰቢያ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ መቀየሟንም አለመቀየሟንም አልተናገረችም፤ «ገለቶማ» ብላ ብቻ አመሰገነች።

ዝማሬ መታወቂያውን ለሽማግሌው ስትመልስ ያበላሸችውን ልታሳምር ፈልጋ ነው መሰል፣ «እንግዲህ አባባ፣ ወንድ ከሆነ ስሙ ተገኘ ማለት ነው። በእርስዎ ይሰየማላ!» አለቻቸው።

አባ ዳማ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ።

«ተዪ እንጂ ልጄ» አሉ፤ «እሷ ሦስት ወር ሙሉ ‹አንተ ልጅ› እያለች ልትኖር ነው?»